የድሮ ድረ ገጽ ወደ ማርክዳውን ለምታሻግር ልጅ

ልጄ፣ የመጽሔቱን የድሮ ድረ ገጽ ወደ ማርክዳውን የመለወጡ ሥራ ላንቺ እንደተሰጠ ሰማሁ። ጎበዝ። አለቆችሽ ነገሩን የአንድ ሳምንት ሥራ አስመስለው ሳይነግሩሽ አልቀሩም፤ ፕሮግራም ታወርጃለሽ፣ ፋይሉን ታጎርሺዋለሽ፣ የተለወጠውን ትቀበያለሽ። ለአንድ ገጽ እውነታቸውን ነው። አንቺ እጅ የገባው ግን ብዙ ሰው በብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ በገዛ ልማዱ የሠራው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። የሚያደክምሽ እያንዳንዱ ታግ እዚያ ሲቀመጥ ምን ለማለት እንደነበር መወሰኑ ነው፤ ያንን ደግሞ ማሽኑ አያውቅልሽም። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ይህን አንብቢ።

፩፣ ዋናውን ፋይል እንዳለ አስቀምጪው። የወረደውን ኤች ቲ ኤም ኤል አንድ ፎልደር ውስጥ ቆልፊበት፤ የተለወጠው ሁልጊዜ ሌላ ፎልደር ውስጥ ይግባ። ስህተት ባየሽ ቁጥር የተለወጠውን ፋይል በእጅሽ ለማረም አትቸኩዪ። የሚለውጠውን ስክሪፕት አርሚና ሁሉንም ከዋናው እንደገና ለውጪ። በእጅ ያረምሽው ነገር ስክሪፕቱ ሁለተኛ ሲሠራ ይደመሰሳል፤ ምን እንደጠፋም አታስታውሺም። የእጅ እርማት የመጨረሻው ሳምንት ሥራ ነው።

፪፣ ሁለቱ አጻጻፎች፣ ኤች ቲ ኤም ኤልና ማርክዳውን፣ ለምን እንደተፈጠሩ እወቂ። ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1991 የኤች ቲ ኤም ኤል ታጎችን የመጀመሪያ ዝርዝር ሲያወጣ፣ ዝርዝሩ ከሃያ የማይበልጡ ታጎች ነበሩት። ታጎቹ ስለ መልክ ብዙም አይናገሩም፤ «ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው» ይላሉ። ከዚያ የብራውዘር ኩባንያዎች ፉክክር መጣና የፎንት፣ የቀለም፣ የመሐል ማስያዣ ታግ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ የወጣው የኤች ቲ ኤም ኤል 3.2 እትም የፎንትን ታግ በይፋ ተቀበለው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው 4.0 ደግሞ «ባትጠቀሙበት ይሻላል» አለ። የሰማው ግን ጥቂት ነው። አንቺ የያዝሽው ክምችት በዚህ ታግ የተሞላ ስለሆነ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅምሻል።

ማርክዳውን የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጆን ግሩበር የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ በፐርል ቋንቋ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ጽፎ አወጣ፤ በአጻጻፉ ደንብ ላይ ያማከረው አሮን ስዋርትዝ ነበር። ያኔ ስዋርትዝ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ምልክቶቹን ከየትም አላመጧቸውም፤ ሰው በኢሜይል ሲጻጻፍ ቃል ለማጉላት በኮከብ ያጥር ነበር፣ የሌላውን ንግግር ሲጠቅስ በመስመሩ ራስ ላይ የቀስት ጫፍ ያኖር ነበር። ሐሳቡ ጽሑፉ ሳይለወጥም፣ ጥሬውን ሳለ፣ ለዓይን እንዲነበብ ነው። ስዋርትዝ በዚያው ዓመት የተገላቢጦሹን፣ ማለትም ከኤች ቲ ኤም ኤል ወደ ማርክዳውን የሚመልሰውን ፕሮግራም በፓይተን ጻፈ። የአንቺ ሥራ እንግዲህ ከማርክዳውን ጋር እኩያ ነው።

ግሩበር ማርክዳውን ኤች ቲ ኤም ኤልን እንዲተካ አላሰበም። በማርክዳውን ሊባል የማይችለው ነገር እንደ ታግ ሆኖ በጽሑፉ መሐል እንዲቀመጥ ፈቅዷል። ይህን ፈቃድ አትርሺው፤ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ስትሄጂ የሚፈስ ነገር መኖሩ አይቀርም፣ የማይፈሰውን ግን አንቺ ትመርጫለሽ።

፫፣ ከሁሉ በፊት ፊደሉን አድኚ። ስለዚህኛው ረዘም አድርጌ እነግርሻለሁ፤ በውጭ አገር የተጻፉት መመሪያዎች አያነሱትምና።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ በተሳለባቸው ፎንቶች ነው። ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝን ሳትሰሚ አልቀረሽም። ገጹ በብራውዘር ሲከፈት «ሰላም» ይላል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። አማርኛ ሆኖ እንዲታይ ያደረገው የፎንት ታጉ ላይ የተጻፈው የፎንት ስም ብቻ ነው።

ለዋጭ ፕሮግራሞች ደግሞ መጀመሪያ የሚጥሉት ይህንኑ የፎንት ታግ ነው፤ ለእነሱ ጌጥ ነው። ታጉ ሲወድቅ እጅሽ ላይ የሚቀረው ማንም የማያነበው ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ በየትኛው ፎንት ተጽፎ እንደነበር የሚነግርሽ ምልክት አብሮ መጥፋቱ ነው። እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሉን በየራሱ ቅደም ተከተል ስለደረደረ የአንዱ ሠንጠረዥ ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ምንም ሳትለውጪ ክምችቱን በሙሉ ፈትሺና የፎንት ስሞቹን ሰብስቢ። ለእያንዳንዱ ስም ወደ ዩኒኮድ የሚወስድ ሠንጠረዥ አዘጋጂ። መለወጡ በዚያ ታግ ውስጥ ባለው ጽሑፍ ላይ ብቻ ይሁን፤ በአንቀጹ መሐል በታይምስ ፎንት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ስም ካለ አብሮ ተለውጦ የማይነበብ አማርኛ እንዳይሆን። አንድ ፎንት የሚይዘው ቦታ ከ256 በታች ስለሆነ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አንዱን ፊደል ከመነሻ ቅርጽና ከቅጥያ ገጣጥመውታል። እንዲህ ያለው ላይ ሁለት ኮድ ለሚወስደው ፊደል ቅድሚያ ስጪ፤ አለዚያ የመነሻው ቅርጽ ብቻውን ይለወጥና ቅጥያው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሁለተኛው የፊደል በሽታ ቀለል ይላል። ገጹ በዩ ቲ ኤፍ 8 ተጽፎ እንደ ላቲን ሲነበብ፣ ከራሷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሽዋ የላቲን ኤ እየደጋገመች ትመጣለች። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው፤ እሷ ያቺ ናት። እንዲህ ሲሆን ጽሑፉ አልጠፋም፤ ፋይሉን በትክክለኛው ኢንኮዲንግ እንደገና አንብቢው። አንድ ሰው ገጹን በተበላሸ መልኩ ከፍቶ ሴቭ አድርጎት ከሆነ ግን ዊንዶውስ 1252 በሚባለው ኢንኮዲንግ ባዶ የሆኑ አምስት ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ላይ የወደቁት ፊደላት ተበልተው ሊሆን ይችላል። «ሁ» አንዷ ናት። የ«ፈ» ዘሮችና አራት ነጥብም እዚሁ አደጋ ውስጥ ናቸው። አንድ ገጽ ላይ አራት ነጥብ ጨርሶ ካላየሽ ምክንያቱ ይህ ነው ወይ ብለሽ ጠርጥሪ።

በቁጥር የተጻፈ ፊደል፣ ለምሳሌ ሀ ስታገኚ አትደንግጪ። «ሀ» ማለት ነው፤ ማንኛውም ደህና ፓርሰር ይፈታዋል።

፬፣ በመፈለግና በመተካት አትለውጪ። «የቢ ታግን ፈልግ፣ በሁለት ኮከብ ተካ» የሚል ስክሪፕት ለሦስት ገጽ ይሠራና በአራተኛው ይወድቃል። ያልተዘጋ አንቀጽ አለ፣ ተደራርቦ የተጠላለፈ ታግ አለ፣ ኮሜንት ውስጥ የተቀመጠ ታግ አለ። ጽሑፉን መጀመሪያ ለፓርሰር ስጪው፤ ፓርሰሩ ብራውዘር እንደሚያደርገው ጉድለቱን ሞልቶ ሁሉንም እንደ ዛፍ ያደራጅልሻል፤ አንቺ ከግንዱ ወደ ቅርንጫፉ እየሄድሽ ትለውጫለሽ።

መሣሪያው ሞልቷል። ፓንዶክን የጻፈው ጆን ማክፋርሌን የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አለ፤ እጅግ ብዙ የጽሑፍ ዓይነት ያውቃል። ለጃቫስክሪፕት ተርንዳውን አለ፤ ለፓይተን ማርክዳውኒፋይ አለ። የእኔ ምርጫ ላንቺ ሥራ ከኋለኞቹ ሁለት አንዱ ነው፤ ለየታጉ የራስሽን ደንብ መጻፍ ይቀልሻልና። ፓንዶክን ለመፈተሻ ያዢው። ሜኑውን፣ ማስታወቂያውን፣ ስክሪፕቱንና የግርጌውን የመብት ማስታወቂያ ደግሞ ከመለወጥሽ በፊት ቆርጠሽ ጣዪ።

፭፣ ታጉ የሚለውንና ሰውየው የፈለገውን ለዪ። የድሮ ገጽ ሠሪ ርዕስ ሲጽፍ የርዕስ ታግ አይጠቀምም ነበር፤ አንቀጽ ይከፍትና ፊደሉን ያተልቅና ያደምቀዋል። አንዳንዱ ደግሞ አንደኛ ደረጃ ርዕስ ዓይኑን ስለከበደው በአራተኛ ደረጃ ጀምሯል። ወደ ውስጥ ለማስገባት ብቻ የጥቅስ ታግ የተጠቀመ አለ፤ ያ ገጽ ሲለወጥ ተራ ጽሑፍ ሁሉ የሰው ንግግር ይመስላል። አንቀጽ ለመለየት ሁለት የመስመር መስበሪያ ታግ መደርደርማ የሁሉም ልማድ ነበር። ከየዓመቱ ጥቂት ገጽ አውጥተሽ በብራውዘርም በጥሬውም ጎን ለጎን እያቸው። ልማዱ በየሠራተኛው ስለሚለያይ ደንብሽንም በየዘመኑ ከፋፍዪው፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ደንብ አትፈልጊ።

የኋለኞቹ ገጾች ሌላ ጣጣ አላቸው። ከጉግል ዶክስ ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሙሉውን የሚጠቀልል የማድመቂያ ታግ ይዞ ይመጣል፤ ታጉ ላይ ደግሞ «አታድምቅ» የሚል የስታይል ትእዛዝ አለ። ብራውዘሩ ሁለቱንም አንብቦ ተራ አድርጎ ያሳየዋል። ታግ ብቻ የሚያይ ለዋጭ ግን መላውን መጣጥፍ ደማቅ ያደርገዋል። ከማይክሮሶፍት ወርድ የመጣው ደግሞ ዝርዝሩን እንደ ተራ አንቀጽ ይጽፍና ነጥቡን በምልክት፣ ክፍተቱን በማይሰበር ስፔስ ይሞላዋል። ይህን ስፔስ ሁሉንም ወደ ተራ ስፔስ መልሺው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ከሀሽ ምልክት ቀጥሎ የገባው የማይሰበረው ከሆነ ግን ማርክዳውን ርዕሱን ርዕስ ብሎ አይቀበለውም።

ቀለምን በሚመለከት ተጠንቀቂ። ማርክዳውን ቀለም አያውቅም፤ ስለዚህ ለዋጩ ቀለምን ሁሉ ይጥላል። ለማስታወቂያ የቀላ ርዕስ ቢወድቅ ማንም አያዝንም። ነገር ግን በብራና መጻሕፍታችን የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ፤ የጸሎት ወይም የድርሳን ጽሑፍ ያወጡ ገጾች ይህን ሥርዓት በቀይ ፎንት ጠብቀውታል። እዚያ ላይ ቀለሙ ራሱ ጽሑፍ ነው። እንዲህ ያሉትን ለይተሽ ታጋቸውን በማርክዳውኑ መሐል ተዪው። በደማቅ ይተካ የሚል ካለ ውሳኔው የአርታኢው እንጂ ያንቺ አይሁን።

፮፣ ለማድመቅ ኮከብ እንጂ አንደርስኮር አትጠቀሚ። ማርክዳውን ሁለቱንም ይቀበላል ይሉሻል፤ ለእንግሊዝኛ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። አማርኛ ግን ከፊት የ፣ በ፣ ለ፣ ከኋላ ን፣ ም፣ ና ይቀጥላል፤ የደመቀው ቃል ብዙ ጊዜ ያልደመቀ ቅጥያ ይለጠፍበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኮመንማርክ የተባለው ደንብ በቃል መሐል ያለ አንደርስኮርን እንደ ተራ ምልክት ያየዋል። ስለዚህ

**መጽሐፍ**ን

ይደምቃል፤

__መጽሐፍ__ን

ግን አንደርስኮሩ እንዳለ ይታያል።

በኮከብም ቢሆን ሥርዓተ ነጥብ ያደናቅፍሻል። የሚዘጋው ኮከብ ከበስተግራው ሥርዓተ ነጥብ፣ ከበስተቀኙ ፊደል ካገኘ መዝጊያ መሆኑን አያውቅም። የሚከፍተውም እንዲሁ፤ ከግራው ፊደል፣ ከቀኙ ሥርዓተ ነጥብ ካለ አይከፍትም። አሁን አማርኛ ጋዜጣ ላይ በየመስመሩ የሚገኘውን እዪ፦

የ**«ጉዞዬ»**ን ደራሲ

የግራውም የቀኙም ኮከብ ሳይሠራ ይቀራል። ኮከቡን ወደ ትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ አስገቢው፦

የ«**ጉዞዬ**»ን ደራሲ

ይሠራል። በሁለት ነጥብ ቃል የሚለዩ የቆዩ ጽሑፎችም ተመሳሳይ ናቸው። ዩኒኮድ ሁለት ነጥብን የሚቆጥረው እንደ ስፔስ ሳይሆን እንደ ሥርዓተ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ

ንጉሡ፡**አዲስ፡ከተማ፡**ሠሩ

አይደምቅም። የመጨረሻውን ሁለት ነጥብ ከኮከቡ ውጭ ካወጣሽው ይደምቃል። ስፔስም በኮከቡ ውስጥ ዳር ላይ መቅረት የለበትም፤ ታጉ «ሰላም » ብሎ ስፔሱን ጠቅልሎ ከሆነ ስፔሱን ወደ ውጭ ግፊው። ይህን ሁሉ በደንብ ጻፊና ለስክሪፕቱ ስጪ፤ በእጅ የሚያልቅ አይደለም። የማይፈታ ካጋጠመሽ የማድመቂያውን ታግ እንዳለ ተዪው።

ሰያፍ ጽሑፍን በተመለከተ፣ ለፊደላችን ሲያምርበት አይቼ አላውቅም። ግን እሱ የእኔ ጣዕም ነው፤ ገጹ ላይ ካለ አሻግሪው።

፯፣ ማርክዳውኑን የሚያነበው ማን እንደሆነ ጠይቂ። በቴሌግራም ሁለት ኮከብ ያደምቃል፣ ሁለት አንደርስኮር ያጋድማል። በዋትስአፕ አንድ ኮከብ ብቻውን ያደምቃል። በመደበኛው ማርክዳውን ደግሞ አንድ ኮከብ ያጋድማል፣ ሁለት አንደርስኮር ያደምቃል። መጽሔቱ ጽሑፉን ለድረ ገጹም ለቴሌግራም ቻናሉም ሊጠቀምበት ካሰበ፣ አንዱን መደበኛ ደንብ ይዘሽ አስቀምጪ፤ ለሌላው በሚላክበት ሰዓት ይለወጥ።

፰፣ ቁጥርና መስመር። ድረ ገጽ ላይ ዝርዝር በግዕዝ ቁጥር እንዲታይ በስታይል ማዘዝ ይቻላል፤ ቁጥሩ ግን ጽሑፉ ውስጥ የለም። ሲለወጥ 1፣ 2፣ 3 ይሆናል። «በ፫ኛው ተራ እንደተባለው» የሚል አረፍተ ነገር እታች ካለ አንባቢው ግር ይለዋል። ሰው በእጁ ፩ ብሎ የጻፈው፣ ልክ እኔ እዚህ እንዳደረግሁት፣ ይተርፋል፤ ማርክዳውን ግን ዝርዝር መሆኑን አያውቅም፣ በመካከል ባዶ መስመር ካላስገባሽ ሁሉንም አንድ አንቀጽ ያደርገዋል። በተቃራኒው አንቀጹ «1966.» ብሎ በዓመተ ምሕረት ከጀመረ ዝርዝር ነው ብሎ ይገምታል፤ ከነጥቡ በፊት ባክስላሽ አድርጊ።

ግጥም ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል። ማርክዳውን ተከታታይ መስመሮችን አንድ ላይ ይቀጥላቸዋል። መስመሩን ለመስበር ሁለት መንገድ አለ፤ በመጨረሻው ሁለት ስፔስ ወይም ባክስላሽ። ባክስላሽ ምረጪ። ስፔሱ አይታይም፤ ብዙ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ደግሞ በመስመር መጨረሻ ያለ ስፔስ ሲያገኝ ሳይጠይቅ ይጠርገዋል፤ የሰውየው ስንኝ ሁሉ ወደ ዝርው ይለወጣል።

፱፣ ሠንጠረዥና ሊንክ። ገጹን በሁለት ዓምድ ለመክፈል ብቻ የተሠራውን ሠንጠረዥ አፍርሺው። እውነተኛው ሠንጠረዥ በመጀመሪያው ማርክዳውን ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ በቁም መስመር የሚጻፈው ኋላ የተጨመረ ነው፣ ጊትሀብም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ደንብ አጽንቶታል። የተዋሃዱ ሕዋሳት ካሉት አይችለውም፤ በኤች ቲ ኤም ኤል ተዪው።

አድራሻው ሙሉ ያልሆነ ሊንክ ገጹ ከቦታው ሲነሳ ይሞታል፤ ሙሉ አድራሻ አድርጊው። የአማርኛ ስም ያለበት አድራሻ ደግሞ በመቶኛ ምልክት ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ ያለ አንድ አጭር ርዕስ መስመሩን ይሞላዋል። ለዓይን እንዲመች ወደ ፊደሉ መመለስ ይቻላል፤ አድራሻው ውስጥ ስፔስ ወይም ቅንፍ ካለ ግን ሊንኩ መሐል ላይ ሊቆረጥ ይችላል፣ እነሱን በመቶኛው ተዪ። የፎቶ ግርጌ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከፎቶው ተለይቶ ትንሽ አንቀጽ ሆኖ ስለሚቀር አብረሽ ፈልጊው። አንዳንዴ የፎቶ አንሺው ስም የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

፲፣ ስትጨርሺ ወደ ኋላ መልሰሽ ፈትኚው። ማርክዳውኑን በፓንዶክ ወደ ኤች ቲ ኤም ኤል መልሺ። ከሁለቱም፣ ከዋናው የመጣጥፍ ክፍልና ከተመለሰው፣ ታጉን ሁሉ አራግፊና ስፔሱን አውጥተሽ የቀረውን ፊደል በፊደል አወዳድሪ። በድሮዎቹ ፎንቶች ለተጻፉት ገጾች ዋናው ወደ ዩኒኮድ ከተለወጠ በኋላ ያለውን ውሰጂ። ልዩነት ካለ ወይ ፊደል ጠፍቷል፣ ወይ ትርፍ ኮከብ ወጥቷል። ከዚያ የርዕሱን፣ የሊንኩንና የፎቶውን ብዛት በሁለቱም ወገን ቁጠሪ። ስክሪፕቱ የጣለውን ታግ ሁሉ ከገጹ ስም ጋር በአንድ ፋይል ይመዝግብ፤ አርታኢው «እዚህ ጋ የነበረው ቀይ ጽሑፍ የት ሄደ?» ሲል መልሱ እዚያ አለ።

ቁጥሩ ሁሉ ገጥሞም ጽሑፉ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ከየዘመኑ ጥቂቱን መጽሔቱን ድሮ ያነብ ለነበረ ሰው አስነብቢ። የፎንቶቹን ሠንጠረዥ ከባዶ አትጀምሪ፤ የሁለቱ እኔ ጋ አለ፣ የፎንቶቹን ስም ዝርዝር እንዳወጣሽ ላኪልኝና የሚገጥመውን እሰጥሻለሁ።